ክብርን ከይሉኝታ መለየት፦ ከከባድ ሕመም ጋር ለምንኖር የአሠራር መመሪያ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ 5 ዓመት ሊሞላ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለ4 ሰዓት ማሽን ላይ ተኝቼ ደሜ ይታጠባል። ከዚያ በፊት ሒሳብ አስተምር ነበር።

መድኃኒቱንና መጠኑን ሐኪሞቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ የምጽፈው ማንም ቁጭ ብሎ ስላላስተማረኝ ነገር ነው፤ ታሞም ሰው ሆኖ ስለመቆየት። በመጀመሪያው ዓመት ክብሬን የጠበቅኩ እየመሰለኝ ስጠብቅ የነበረው ይሉኝታዬን ነው። ጠያቂ ያመጣውን ብርቱካን «አልበላም» ማለት አፍሬ በላሁ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲዞር አብሬ ጠጣሁ። ደረጃ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ስልክ የማነጋግር መስዬ ቆምኩ። አንድ ሌሊት ሳንባዬ ውኃ ቋጥሮ መተኛት አቃተኝ፤ ጎረቤቶቼ በብርድ ልብስ ተሸክመው አወረዱኝ። ያን ሌሊት ያፈርኩት በመሸከሜ አልነበረም። ማስቀረት የምችለውን ነገር ለሰው ፊት ስል ባለማስቀረቴ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው በእያንዳንዱ እርምጃ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን የማደርገው ሰው እንዳይቀየመኝ ነው ወይስ ለራሴ ይገባኛል ብዬ?

1. ወሬው መጀመሪያ ወደ እናንተ ይምጣ

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም። የሐኪሙን ቃል ቤተሰብ ይቀበልና ለታማሚው «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው» ይባላል። የሚደረገው ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀውን የገዛ ጉዳዩን ሳያውቅ መሃል ቤት የሚቀመጥ ሰው ይፈጥራል። እኔ ኩላሊቴ መድከሙን ያወቅኩት ከሐኪሙ አይደለም፤ ልጄ ከምርመራ ክፍል ስትወጣ ፊቷን አይቼ ነው።

ወደ ሐኪም ከመግባታችሁ በፊት ለአስታማሚያችሁ እንዲህ በሉ፦ «ውጤቱን ለእኔ ይንገረኝ። አንቺ አጠገቤ ተቀመጪ፤ የሚያመልጠኝን ትይዥልኛለሽ።» ለሐኪሙም፦ «ዶክተር፣ ስለ እኔ የሚባለውን መጀመሪያ መስማት የምፈልገው እኔ ነኝ።» ሐኪሙ ወደ አስታማሚው ዞሮ «ምግብ ትበላለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስታማሚው ወደ እናንተ ማየት እንዳለበት ከቤት ተነጋግራችሁ ሂዱ። ልጄ ይህን ታውቅበታለች፤ ዝም ብላ ታየኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ሁለት ሦስት ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ሐኪሙም ለመደው።

መስማት የማትፈልጉት ነገር ካለም «ይህን አትንገሩኝ» ማለት ትችላላችሁ። ያም ቢሆን በእናንተ ፈቃድ ይሁን።

2. ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ

በሽፋኑ ላይ ስማችሁን በትልቁ ጻፉ። ሆስፒታል ውስጥ ሰው በቶሎ «6 ቁጥር አልጋ» ወይም «እጥበቷ ሴትዮ» ይሆናል። ይህን የሚሉት ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው፤ ቢሆንም ስማችሁን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። እኔ «መምህርት በሉኝ» አልኳቸው፤ አሁን ዘበኛው ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «በግራ እጄ ፊስቱላ አለ። በዚህ እጅ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ መርፌ አይወጋም።» አዲስ ነርስ ሲመጣ መከራከር አያስፈልግም፤ ገጹን ገልጦ ማሳየት ይበቃል። ፊስቱላው፣ ማለትም የእጥበት መርፌ እንዲገባበት በቀዶ ሕክምና የተጋጠመው የደም ሥር፣ የሕይወታችን በር ነው። ጠባብ ሰዓት ወይም አምባር አታስሩበት፣ ተንተርሳችሁት አትተኙ፣ ከባድ ነገር አታንሱበት። ጠዋት ጠዋት በጣታችሁ ዳስሱት። የለመደው ንዝረት ከጠፋ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

በቀሩት ገጾች በግራ በኩል ክብደታችሁን ከእጥበት በፊትና በኋላ፣ የደም ግፊታችሁንና የመድኃኒት ለውጥ ካለ እሱን ጻፉ። በቀኝ በኩል ለሐኪሙ የምታቀርቡትን ጥያቄ አስፍሩ፤ ከ3 አይብለጥ፣ ዋናው ይቅደም። እንዲህ የተዘጋጀን ሰው ማንም በቀላሉ ከንግግር ውጭ አያደርገውም።

3. ጠያቂ፣ ማዕድና ቡና

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ፍቅር ነበርና።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። የሚያመጣው ደግሞ ሙዝ፣ ብርቱካንና ጭማቂ ነው። ሁሉም ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን የበዛባቸው ናቸው። ኩላሊት የማያስወጣው ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲከማች ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። አቮካዶ፣ ቲማቲምና ድንችም ከዚያው ወገን ናቸው። ድንች ያማራችሁ ቀን ልጣችሁ በስሱ ክተፉት፤ በብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉት፤ ከዚያ ሐኪማችሁ በፈቀደው መጠን ብሉ።

ጠያቂው በር ላይ ቆሞ ስጦታውን ሲዘረጋ እምቢ ማለት ለሁለታችሁም ከባድ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩ። ሰፈሩ የሚሰማትን አንዲት ጎረቤት ምረጡና ወሬውን እሷ ታድርስ፦ «እትዬ ሙዝና ብርቱካን ተከልክለዋል፤ እንቁላል ወይም የልብስ ሳሙና ብትወስዱላቸው ይጠቅማቸዋል።» እኔ ይህን ካስነገርኩ ወዲህ ሳሙና ገዝቼ አላውቅም። ጠያቂዎቼም የሚጠቅም ነገር ይዘው በመምጣታቸው ደስ እያላቸው ይገባሉ።

የእጥበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ማነጋገር አልችልም። በሬ ላይ ይህን ወረቀት እለጥፋለሁ፦ «ዛሬ የእጥበት ቀኔ ነው፤ ተኝቻለሁ። ነገ ከ9 ሰዓት በኋላ ብትመጡ ደስ ይለኛል።» መጀመሪያ የተቀየሙ ነበሩ። አሁን ሰዓቱን እኔው ስለምሰጥ ሲመጡ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ተቀምጬ እቀበላቸዋለሁ።

በቤት ውስጥ ለብቻችሁ «የሕመምተኛ ድስት» አይጣድ። ወጡ ለሁሉም ያለ ጨው ይሠራ፤ ጨው የፈለገ ማዕድ ላይ ይጨምር። በርበሬም ብዙ ጊዜ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ያለ ጨው አስፈጩ። ጨው ከቀነሰ ጥማቱም ይቀንሳል። የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ከፖታሲየም የተሠሩ ስለሆኑ አትንኳቸው። በአንድ ትሪ ዙሪያ ከልጆቼ ጋር መብላቴን ማንም አይወስድብኝም፤ ለዚህ ሲባል እነሱ ጨው ነስንሰው መብላትን ተማሩ።

ጉርሻ የሚያጎርሳችሁን ሰው እጁን አትመልሱበት። ትንሽ አድርጎ እንዲጠቀልል ጠይቁና ተቀበሉ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሁለተኛውን እናንተ ጠቅልላችሁ እሱን አጉርሱት። ከዚያ በኋላ የሚያስገድዳችሁ አይኖርም።

ስለ መጠጥ። ብዙዎቻችን የሚፈቀድልን ፈሳሽ በቀን ከሚወጣን ሽንት ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨምሮ ነው፤ የእናንተን ትክክለኛ መጠን ሐኪማችሁ ይወስናል። ጠዋት ያን መጠን ውኃ በአንድ ጠርሙስ ሙሉ። ሻይ ስትጠጡ፣ ሾርባ ስትበሉ፣ መድኃኒት ስትውጡ ያንኑ ያህል ከጠርሙሱ ቀንሱ። ጠርሙሱ ሲያልቅ የቀኑ ድርሻ አለቀ። 1 ሊትር ፈሳሽ 1 ኪሎ ክብደት ስለሆነ ሚዛኑ አይዋሽም። አፍ ሲደርቅ አንድ ጠጠር በረዶ መምጠጥ ወይም ተጉመጥምጦ መትፋት ይረዳል።

የቡና ሲኒያችሁን ስንት እንደሚይዝ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩ። የእኔ ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አቦልን ግማሽ አስቀድቼ እጠጣለሁ፤ ለቶናና ለበረካ ሲኒዬን ገልብጬ አብሬ እቀመጣለሁ። የተገለበጠ ሲኒ ብዙ ማብራሪያ ያስቀራል። ቡና ማፍላቱን ግን አልተውኩም፤ የመጣው እንግዳ የእኔ እንግዳ ነው።

«ጠቆርሽ፣ ከሳሽ» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ «አዎ፣ ከሕመሙ ነው» እልና ወዲያው እጠይቃለሁ፦ «የልጅሽ ፈተና እንዴት ሆነ?» እናንተም የሚስማማችሁን መልስ በቤታችሁ አዘጋጁ፤ በመስታወት ፊት ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ያልተለማመዱት ቃል እንባ ሲመጣ ይጠፋል።

4. ጾምና ጠበል

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ሁሉንም ንገሩ። እጥበቱ ከሰውነታችን ፕሮቲን ይዞ ስለሚወጣ እንቁላልና ሥጋ ለእኛ እንደ መድኃኒት ናቸው። የእኔ የንስሐ አባት ሰምተው ጸሎት ሰጡኝና ከጾሙ አሳረፉኝ። ሙስሊም ጎረቤቴም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ቁርዓን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደሰጠ ሼኩ አስረድተዋቸው በረመዳን በየቀኑ አንድ ድኻ ያበላሉ። በጓዳ ተደብቆ ከመብላት ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል።

ጠበል ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሊትር መጠጣት ለእኛ ሳንባችንን በውኃ መሙላት ነው። ለአባቶች «አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ» በሏቸው፤ በመረጨትና በመስቀል መዳሰስም በረከት አለ። በአንገት ወይም በደረት ላይ ካቴተር (የእጥበት ቱቦ) ያለባችሁ ደግሞ ቦታው መርጠብ የለበትም። መድኃኒቱን ወይም እጥበቱን አቁም የሚል ሰው ቢመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሙት።

5. ደረጃ፣ ውኃ፣ ገላ

ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለውም። 2ኛ ፎቅ ያሉትን ቤተሰቦች አስፈቅጄ መታጠፊያው ላይ ዱካ አስቀመጥኩ። ስወጣ እቀመጥበታለሁ፤ ስልክ የማነጋግር መምሰል ቀረ። ከጊዜ በኋላ ከ3ኛ ፎቅ ያሉ አንድ አረጋዊ፣ ቀጥሎም ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ይቀመጡበት ጀመር።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ከታች በጀሪካን ይቀዳል። ፊስቱላ ያለበት እጅ ጀሪካን አያነሳም። ለሚያመጣልኝ ወጣት እንደማንኛውም ሰው እከፍለዋለሁ፤ ገንዘብ ባጣሁበት ወር ታናሽ ወንድሙን ሒሳብ አስጠናለሁ። እገዛን በነፃ መቀበል ነውር ባይሆንም፣ በየቀኑ ለሚደጋገም ነገር ግን አንድ ዓይነት ውል ቢኖር ሁለታችሁም ሳትሳቀቁ ትኖራላችሁ።

ገላ ለመታጠብ ዝቅተኛ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባልዲና ጆግ ይበቃል። በሩ አይቆለፍ፤ ሳይንኳኳ ግን አይከፈት። ከልጄ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ከውጭ ሆና በየጥቂት ደቂቃው «እማዬ?» ትላለች፣ እኔ «አለሁ» እላለሁ። ዝም ካልኩ ትገባለች። ሌሊት ለመነሳት የሚከብዳችሁ ክዳን ያለው ፖፖ አልጋ ሥር አድርጉ፤ በጨለማ ወድቆ ከመሰበር ይሻላል። ጥርስና ምላስ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦረሽ፤ የአፍ ሽታው ከሕመሙ የሚመጣ ስለሆነ አያሳፍርም።

ለክፉ ቀን የሚሸከሟችሁን ሰዎች ዛሬ ምረጡ። እኔ ሁለት የብሎካችን ወጣቶችን ጠየቅኳቸው፤ ስልካቸው በሩ ጀርባ ተለጥፏል፣ ጠንካራ ብርድ ልብስ በሩ አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል። ሌሊት ተጋድሜ መተንፈስ ካቃተኝ ወይም ፊስቱላው ተጭነውት ደሙ አልቆም ካለ ይጠራሉ። ከላይ የሚደረብልኝን ነጠላም አሳይቻቸዋለሁ።

6. የእጥበት ቀን

ከቱሉ ዲምቱ ሌሊት ነው የምንወጣው። ታክሲ ላይ ጋቢና ለመቀመጥ ረዳቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ሕመምተኛ ነኝ፣ ፊት ልቀመጥ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፣ ታሪካችሁን መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። በአካባቢያችሁ ተመሳሳይ ፈረቃ ያላቸው ሰዎች ካሉ ተሰባስባችሁ አንድ ባለ መኪና በወር ተኮናተሩ። እኛ 3 ነን። መንገድ ላይ ስለ ሕመም ላለማውራት ተስማምተናል፤ አንዱ የእግር ኳስ ነገር ካነሳ ቃሊቲ ሳንደርስ መኪናው ይሞቃል።

ሸሚዛችሁን ወደ ልብስ ሰፊ ውሰዱና ፊስቱላው ባለበት እጅጌ ላይ ከእጅ አንጓ እስከ ክንድ ዚፕ አስገጥሙ። ልብስ ሳታወልቁ መርፌው ይገባል። ማሽን ላይ ብርድ ስለሚሰማ ጋቢ ያዙ። ካቴተር ያላችሁ ሴቶች ደረት ሲገለጥ መጋረጃ እንዲሳብ ጠይቁ፤ መጋረጃ ከሌለ አስታማሚ ነጠላ ዘርግታ ትቁም። እኔ ይህን የጠየቅኩ ቀን ከጎኔ የነበሩት እናት «ለኔም» አሉ። ሲያልቅ ተቻኩላችሁ አትነሱ፤ ግፊት ስለሚወርድ ተቀምጣችሁ ረጋ በሉ።

7. ገንዘብ ሲጠየቅ

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው፦ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና፣ በላዩም ያበጠ ፊትና የተራቆተ ገላ ያለበት ትልቅ ፎቶ። ያን መኪና ያስወጣውን ቤተሰብ አልወቅስም፤ እጥበት በየሳምንቱ የሚከፈልበት ነገር ነው፣ ጥሪት አይበረክትም። ነገር ግን ወደዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ልታደርጉት የምትችሉት አለ።

መጀመሪያ ወጪውን ቁጭ ብላችሁ አስሉ፦ እጥበት፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት፣ ምርመራ። በወር ስንት ይጎድላል? «እርዱኝ» ከማለት «በወር ይህን ያህል ይጎድለኛል» ማለት ይሻላል፤ ሰጪውም አቅሙን ያውቃል። ከዚያ የምታምኗቸውን 3 ሰዎች ምረጡና የባንክ ሒሳቡ ቢያንስ በሁለቱ ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። የጥሪውን ጽሑፍ ራሳችሁ ጻፉ። ፎቶ ካስፈለገ እናንተ የመረጣችሁት፣ ለብሳችሁ የተነሳችሁት ይሁን፤ ልጆቻችሁ አይታዩበት። ስትተኙ ወይም ስታለቅሱ ማንም እንዳይቀርጻችሁ ለቤተሰብ በግልጽ ንገሩ፤ አንዴ ቴሌግራም ላይ የወጣ ምስል አይመለስም። በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ አሳውቁ። ሒሳብ ያሳወቀ ሰው ለማኝ አይደለም።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ ሥራችሁን ተሸማቃችሁ አትልቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዩ 2 ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ። የሕክምና ማስረጃችሁን በጊዜው አስገቡ።

ኩላሊት መጠየቅ ከሁሉም ይከብዳል። በጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ያን የሰማ ዘመድ ሁሉ «ማን ይሰጥሻል?» ይላል። ለአንድ ሰው ፊት ለፊት «ስጠኝ» አትበሉ፤ እምቢ ለማለት መውጫ የሌለው ሰው እሺ ቢልም እሺ አላለም። ጉዳዩን የቤተሰቡ ሽማግሌ ለሁሉም በአንድ ላይ ያስረዳ። የሚፈልግ ሰው በራሱ ጊዜ ሐኪሙን ለብቻው ያነጋግር። የእኔ ወንድም ከብዙ ጊዜ በኋላ «እህቴ፣ ፈራሁ» አለኝ። አቅፌው አለቀስን፤ ዛሬም በየእሑዱ ይመጣል። ባስገድደው ኖሮ ወንድሜን ባጣሁ ነበር።

8. እድር

የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቁና አንብቡ። አንዳንዱ እድር ለታመመ አባልም ይረዳል። ለቅሶ ባለመድረሳችሁ ቅጣት እንዳይቆጠርባችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ሳትናገሩ ቀርታችሁ በሐሜት ከመቀጣት ይህ ይሻላል። በምትኩ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ሥራ ውሰዱ። እኔ የእድራችንን የመዋጮ መዝገብ እይዛለሁ፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ አባላቱ እኔ ቤት መጥተው ይከፍላሉ።

9. የመጨረሻው ወረቀት

ይህን ለማድረግ መሞቻ ቀን አይጠበቅም። ኑዛዜ በራስ እጅ ጽሑፍ ሊደረግ ይችላል፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃችሁ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ተጠቅሶ፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ሌላ ሰው ከጻፈላችሁ በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ እናንተና ምስክሮቹ ወዲያውኑ ትፈርማላችሁ። ከንብረቱ በተጨማሪ በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ መናገር ባልችል ማን እንዲወስንልኝ እንደምፈልግ፣ የት መቀበር እንደምሻ፣ ማሽኑ ከሚጠቅመኝ በላይ የሚያሠቃየኝ ጊዜ ቢመጣ ሐኪሙን ምን እንዲጠይቁልኝ እንደምፈልግ ጻፍኩ። ልጄን አስቀምጬ አነበብኩላት። አለቀሰች፤ ከዚያ አንድ ያልገባት ቃል ጠየቀችኝ፣ አስረዳኋት፣ አስተካክዬ ጻፍኩት።

ወረቀቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከነጭ ቀሚሴ ሥር ነው። ልጄ ቦታውን ታውቃለች።